ዶክተር ሪቻርድ ስቲቨንስና ግንኙነትን በሥርዓት የመዝጋት ሙያ

በኮምፒዩተር ሙያ ታሪክ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ አዲስ መሣሪያ የፈለሰፉ፣ አለዚያም አንድ ታላቅ ድርጅት ያቋቋሙ ናቸው። ዶክተር ዊልያም ሪቻርድ ስቲቨንስ ግን ከሁለቱም ወገን አልነበሩም። የዩኒክስን ሲስተም የሠሩት፣ የቲሲፒን ደንብ ያረቀቁት፣ የሶኬትን አሠራር ያወጡት ሌሎች ናቸው። የእሳቸው ድርሻ ሌሎች የሠሩትን ነገር ውስጡ ገብቶ መመርመር፣ በሥራ ላይ ሳለ መመልከት፣ ያዩትንም ማንኛውም ትጉህ ባለሙያ ሊረዳው በሚችል አነጋገር መጻፍ ነበር። ይህ ድርሻ ከፍልስፍናም ከፈጠራም ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ከ1990 ወዲህ የኔትዎርክ ፕሮግራም ከጻፉት ባለሙያዎች መካከል ከእሳቸው መጻሕፍት ያልተማረ፣ ወይም ከእነርሱ ከተማረ ሰው ያልተማረ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኒህ ሰው ካስተማሯቸው ብዙ ጉዳዮች አንዱ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ይኸውም በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል የተዘረጋ ግንኙነት ሥራው ሲያበቃ እንዴት ይዘጋል የሚለው ነው። ጀማሪ ፕሮግራም ጸሐፊ ኃይሉን ሁሉ የሚያፈሰው ግንኙነቱን በመክፈቱ ላይ ነው። መዝጋቱን ግን እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ በአንድ መስመር ትእዛዝ ያልፈዋል። ስቲቨንስ ያሳዩት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ከመክፈቱ ይልቅ መዝጋቱ ይከብዳል፣ ሰርቨሮችን የሚጥለውና መረጃ የሚያጠፋው ስሕተትም ብዙውን ጊዜ የሚደበቀው ከመዝጊያው ላይ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ስቲቨንስ የተወለዱት በ1951 በአፍሪካ ምድር ነው። የትውልድ ከተማቸው ሉዋንሻ በዚያን ጊዜ ሰሜን ሮዴዥያ ይባል በነበረው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ በዛሬይቱ ዛምቢያ፣ በመዳብ ማዕድኑ በታወቀው አውራጃ የሚገኝ ነው። አባታቸው በመዳብ ኢንዱስትሪ ተቀጥረው ይሠሩ ስለ ነበር ቤተ ሰቡ ሥራው ወደሚገኝበት ይጓዝ ነበር። በዚህም የተነሣ ልጁ ሪቻርድ በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ፣ በኒው ሜክሲኮ በምትገኘው በሐርሊ፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ ኋላም በደቡብ አፍሪካ በፋላቦርዋ ኖሯል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በቨርጂኒያ በሚገኘው በፊሽበርን ወታደራዊ ትምህርት ቤት ተከታተለ።

የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1973 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በአውሮፕላንና በጠፈር ምሕንድስና ነው። የአየር በረራ ፍቅር ነበራቸውና ራሳቸውም አብራሪ ሆኑ፤ በ1970ዎቹም በትርፍ ጊዜያቸው ሌሎችን አውሮፕላን ማብረር ያስተምሩ ነበር። በ1975 አሪዞና ወደምትገኘው ቱሳን ከተማ ከሄዱ በኋላ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በሲስተም ምሕንድስና በ1978 የማስተርስ፣ በ1982 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ።

ከኮከብ መመልከቻው እስከ መጻሕፍቱ

ትምህርታቸውን በሚከታተሉበት ጊዜ እንጀራቸውን ያገኙ የነበረው በኪት ፒክ ብሔራዊ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊነት ነው። በ1982 ወደ ኮኔቲከት ተሻግረው በኒው ሄቨን በሚገኝ አንድ የጤና መረጃ ድርጅት የኮምፒዩተር አገልግሎት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 1990 ሠሩ። ያ ዘመን ለሙያው ታላቅ የለውጥ ዘመን ነበር። በመስከረም 1981 ጆን ፖስቴል ያዘጋጁት የቲሲፒ ደንብ ታተመ፤ በ1983 ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያወጣው የዩኒክስ ቅጂ ሶኬት የተባለውን አሠራር ለፕሮግራም ጸሐፊዎች አቀረበ። መሣሪያው ተገኘ፤ አጠቃቀሙን ከሥሩ የሚያስረዳ መጽሐፍ ግን እምብዛም አልነበረም።

ስቲቨንስ ይህን ጉድለት ለመሙላት የዩኒክስ ኔትዎርክ ፕሮግራም አጻጻፍን የሚመለከተውን የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን በ1990 አሳተሙ። በዚያው ዓመት ወደ ቱሳን ተመልሰው ኑሯቸውን በደራሲነትና በሙያ አማካሪነት መሠረቱ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዘጠኝ ዓመታት እጅግ የሚያስደንቅ የሥራ ፍሬ የታየባቸው ናቸው። በ1992 በዩኒክስ ሥር ከፍተኛ የፕሮግራም አጻጻፍን የሚያስተምረው መጽሐፍ ወጣ። በ1994፣ በ1995 እና በ1996 ቲሲፒና አይፒን በሥዕልና በምሳሌ የሚገልጹት ሦስት ቅጾች ተከታትለው ታተሙ። ሁለተኛውን ቅጽ ከጋሪ ራይት ጋር የጻፉት ሲሆን፣ ወደ 15,000 መስመር የሚደርስ የበርክሌይን የሲ ቋንቋ ፕሮግራም ከ1,000 በሚበልጡ ገጾች ይተነትናል። ከዚህም በኋላ የመጀመሪያውን መጽሐፋቸውን እንደገና ጽፈው በሁለት ቅጽ አወጡት።

የአሠራራቸው ልዩ ጠባይ መረጃን ከደንቡ ጽሑፍ ብቻ አለመቀበላቸው ነው። በራሳቸው ዘንድ ልዩ ልዩ ሲስተም የሚያንቀሳቅሱ ኮምፒዩተሮች ያሉበት አነስተኛ ኔትዎርክ ዘርግተው፣ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የተሠራውን ቲሲፒደምፕ የተባለ መመልከቻ ፕሮግራም በመጠቀም በሽቦው ላይ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ጥቅል መልእክት ይመዘግቡ ነበር። ደንቡ ይህን ያዝዛል ካሉ በኋላ፣ ይህ ሲስተም ግን በተግባር ይህን ያደርጋል ብለው መዝገቡን ከነሰዓቱ ለአንባቢው ያቀርባሉ። የምሳሌ ፕሮግራሞቻቸውን ማንም በነጻ እንዲወስዳቸው አድርገዋል። የመጻሕፍታቸውንም ገጽ ለማተሚያ ቤት ዝግጁ አድርገው ያሰናዱት የነበረው ትሮፍ በተባለው የዩኒክስ መሣሪያ በገዛ እጃቸው ነው።

የመዝጋት ሥርዓት

ሶኬት የሚለውን ቃል የአገራችን ሰው በቤቱ ግድግዳ ላይ ከሚያየው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያውቀዋል። በፕሮግራም አጻጻፍም ትርጉሙ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ፕሮግራሙ ከኔትዎርኩ ጋር የሚጋጠምበት ስፍራ ነው። ልዩነቱ የኤሌክትሪኩን ገመድ የሚነቅል ሰው ማንንም ማስታወቅ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። በቲሲፒ ግንኙነት ግን በሁለቱም ጫፍ ተናጋሪ አለና አንዱ ወገን ብቻውን ጨርሻለሁ ብሎ ሊሄድ አይችልም።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ድሬዳዋን ማሰብ ይበቃል። ከተማይቱ በ1902 ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች ናት። ዛሬ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በመልካ ጀብዱ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፤ በ2022 ነጻ የንግድ ቀጣና ተመርቋል፤ በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያው አካባቢ ጣቢያ አለው። በመልካ ጀብዱ ያለ አንድ ኮምፒዩተር 1,000 መስመር ያለው የጭነት ዝርዝር በጅቡቲ ወደሚገኝ ሰርቨር ይልካል እንበል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ መስመር የመቀበያ ቁጥር ይመልሳል። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ግንኙነቱን ለመክፈት ሦስት ጥቅል መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ለመዝጋት ግን በተለመደው ሁኔታ አራት ያስፈልጋል። የመልካ ጀብዱው ወገን የምልከው አበቃ የሚል ምልክት፣ በሙያው አጠራር ፊን የተባለውን፣ ይልካል። የጅቡቲው መቀበሉን ያረጋግጣል። ኋላም የጅቡቲው የራሱን ፊን ይልካል፤ የመልካ ጀብዱውም መቀበሉን ያረጋግጣል። ግንኙነቱ በሁለት አቅጣጫ የሚፈስ ስለ ሆነ እያንዳንዱ አቅጣጫ ለብቻው መዘጋት አለበት።

ስሕተት የሚገባው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የመልካ ጀብዱው ፕሮግራም 1,000ኛውን መስመር እንደ ላከ ወዲያው ክሎዝ የሚለውን ትእዛዝ ቢሰጥ፣ ከጅቡቲ ተነሥተው በመንገድ ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ መልሶች ሲደርሱ የሚቀበላቸው አያገኙም። ኮምፒዩተሩ የሚሰጣቸው ምላሽ ሪሴት የተባለውን የእምቢታ ምልክት ነው። ዝርዝሩ ደርሷል፤ የመቀበያ ቁጥሮቹ ግን ከፊላቸው ጠፍተዋል። ይህ ጉድለት ሁለቱ ፕሮግራሞች በአንድ ክፍል ውስጥ ሲሞከሩ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ መንገዱ ሲረዝም ግን ይገለጣል። ስቲቨንስ በመጽሐፋቸው ይህን የመሰለ ደንበኛ ፕሮግራም በመጀመሪያ ከነስሕተቱ ያቀርባሉ፤ ለምን እንደሚሳሳት ያሳያሉ፤ ቀጥሎም ሻትዳውን በተባለው ትእዛዝ ያርሙታል። ይህ ትእዛዝ የመላኪያውን አቅጣጫ ብቻ ዘግቶ የመቀበያውን ክፍት ይተዋል። ፕሮግራሙ መልሱን እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ የሌላውን ወገን ፊን ከተቀበለ በኋላ ብቻ ሶኬቱን ይዘጋል።

ሁለተኛው ትምህርታቸው ክሎዝ የሚለው ትእዛዝ ስሙ እንደሚለው ሁልጊዜ የሚዘጋ አለመሆኑ ነው። አንድ ሰርቨር ደንበኛ በመጣ ቁጥር ፎርክ በተባለው ጥሪ ልጅ ፕሮግራም ወልዶ ሥራውን ለልጁ ቢሰጥ፣ ያ አንድ ሶኬት በወላጁም በልጁም እጅ ይገኛል። ከርነሉ የያዦቹን ቁጥር ይቆጥራል፤ ፊን የሚላከው ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲወርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጁ የራሱን ድርሻ መዝጋት ከረሳ ልጁ ሥራውን ፈጽሞ ቢሄድም ግንኙነቱ አይዘጋም። ደንበኛው ፊን እየጠበቀ ይቀራል፤ በወላጁም ዘንድ የተከፈቱ ሶኬቶች መለያ ቁጥሮች እየተከማቹ ይሄዳሉ። በብዙ የሊኑክስ ሲስተሞች ላንድ ፕሮግራም በመነሻው የሚፈቀደው 1,024 መለያ ቁጥር ነው። ያ ሲሞላ ሰርቨሩ በሕይወት እያለ አዲስ ደንበኛ መቀበል ያቅተዋል። ችግሩ የሚመጣው ከቀናት አገልግሎት በኋላ በመሆኑ፣ መንሥኤው ያልገባው ሰው ሰርቨሩን እያጠፋ ማስነሣትን እንደ መድኃኒት ይቆጥረዋል።

ስለ መቆያው ጊዜ የተነሣው ክርክር

በመዝጋት ጉዳይ ላይ ብዙ ክርክር ያስነሣው ታይም ዌይት የተባለው የመቆያ ጊዜ ነው። ለመዝጋት ቀዳሚ የሆነው ወገን የመጨረሻውን ማረጋገጫ ከላከ በኋላ የግንኙነቱን ትዝታ ወዲያው አይጥልም። አንድ ጥቅል መልእክት በኔትዎርክ ውስጥ ሊኖር የሚችልበትን ከፍተኛ ዕድሜ በሁለት አባዝቶ ይጠብቃል። የ1981 ደንብ ይህን ዕድሜ 2 ደቂቃ አድርጎ ስለ ገመተው ጥበቃው 4 ደቂቃ ይሆናል፤ የበርክሌይ ሲስተሞች ግን ዕድሜውን 30 ሰከንድ ስላደረጉት 1 ደቂቃ ይበቃቸዋል።

የሥራ ጥድፊያ ያለበት ባለሙያ ይህን ጥበቃ እንደ ብክነት ያየዋል፤ ምክንያቱም አለው። በሊኑክስ የተለመደው የጊዜያዊ ፖርት ቁጥሮች ብዛት 28,232 ሲሆን መቆያው 60 ሰከንድ ነው። አንድ ደንበኛ ኮምፒዩተር ወደ አንድ ሰርቨር አጫጭር ግንኙነት እየከፈተ ራሱ ቀድሞ የሚዘጋ ከሆነ በሰከንድ ከ470 ያህል በላይ ማስኬድ አይችልም ማለት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽም ለእያንዳንዱ ገጽ አዲስ ግንኙነት ከፍተው ራሳቸው ይዘጉ የነበሩት የድር ሰርቨሮች በሺህ የሚቆጠሩ በመቆያ ላይ ያሉ ግንኙነቶችን ተሸክመው ይውሉ ነበር። በዚህ ጊዜ አንዳንዶች አቋራጭ መንገድ ያስተምሩ ጀመር። ሊንገር የተባለውን የሶኬት ምርጫ ዜሮ በማድረግ፣ በፊን ፈንታ ሪሴት ልኮ ግንኙነቱን በኃይል መቁረጥ፣ መቆያውንም ማስቀረት ይቻላል የሚል ነበር።

ስቲቨንስ ይህን ምክር አጥብቀው ተቃወሙ። መቆያው ያለ ምክንያት አልተደነገገም፤ ሁለት ግዳጅ አለበት። የመጀመሪያው፣ የመጨረሻው ማረጋገጫ በመንገድ ቢጠፋ ሌላው ወገን ፊኑን ደግሞ ይልካልና መልስ የሚሰጠው ሊያገኝ ይገባል። የመጀመሪያው ወገን ሁሉን ረስቶ ቢሆን ኖሮ የሚመልሰው ሪሴት ስለሚሆን፣ በሰላም ያለቀ ሥራ በስሕተት ያለቀ መስሎ ይመዘገባል። ሁለተኛው፣ ከተዘጋው ግንኙነት የዘገየ ጥቅል መልእክት በኔትዎርኩ ውስጥ ሲዞር ቆይቶ፣ በተመሳሳይ አድራሻና በተመሳሳይ የፖርት ቁጥር በተከፈተ አዲስ ግንኙነት ውስጥ የዛሬ መልእክት መስሎ እንዳይገባ መከላከል ነው። በመልካ ጀብዱው ምሳሌ የትናንቱ የጭነት መስመር በዛሬው ዝርዝር ውስጥ ሳይታወቅ ቢቀላቀል የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። እንግዲህ ስቲቨንስ ለአንባቢያቸው ያሉት ይህ መቆያ ወዳጅ እንጂ ጠላት አይደለም፣ ሊሸሹት ሳይሆን ሊረዱት ይገባል የሚል ነው። ሰርቨሩ ሲነሣ አድራሻው ተይዟል የሚል ስሕተት ለሚገጥመው ባለሙያም፣ መቆያውን ሳይነካ አድራሻውን እንደገና ለመያዝ የሚያስችለውን የሶኬት ምርጫ አስተማሩ።

ይህ ግን የቆየውን ሁሉ የመጠበቅ ጠባይ አልነበረም። በ1994 ቦብ ብሬደን ለአጫጭር ግንኙነቶች የመክፈቻውን ልውውጥ የሚያስቀርና መቆያውን በሕግ የሚያሳጥር የቲሲፒ ማሻሻያ ባቀረቡ ጊዜ፣ ስቲቨንስ በ1996 ባወጡት ሦስተኛ ቅጽ ሰፊ ቦታ ሰጥተው አብራርተውታል። ማሻሻያው በኋላ የደኅንነት ጉድለት ተገኝቶበት ስላልተስፋፋ በ2011 ከአገልግሎት ውጪ ከሆኑት ደንቦች ተራ ተመደበ። መጽሐፉ በዚህ በኩል የታሰበለትን ፍሬ አላፈራም ማለት ይቻላል። ሆኖም ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የብሬደን ሐሳብ መቆያው የሚሠራውን ሥራ ተረድቶ ሌላ መከላከያ የተካ ሲሆን፣ የሊንገሩ አቋራጭ ግን ሥራውን ሳይተካ የሚያፈርስ ነበር።

የኋላው ዘመን ታሪክ የስቲቨንስን አቋም አረጋግጧል። ሊኑክስ መቆያውን በፍጥነት የሚያስለቅቅ አንድ ምርጫ ለብዙ ዓመታት ይዞ ቆይቶ ነበር። ይሁንና በአንድ የጋራ አድራሻ ጀርባ የሚገኙ ብዙ ደንበኞች ሲመጡ ከፊላቸውን ያለ ምክንያት የሚመልስ ሆኖ ስለ ተገኘ በ2017 ጨርሶ ከሲስተሙ ወጣ።

የመጨረሻ ዓመታት

ስቲቨንስ ከመጻሕፍቱ ሌላ በኢንተርኔት ደንቦች ዝግጅትም ተካፍለዋል። በ1997 የቲሲፒን የመጨናነቅ መከላከያ ዘዴዎች የሚገልጸውን ሰነድ ጻፉ፤ በ1999 ይህንኑ ያሻሻለውን ሰነድ ከማርክ ኦልማንና ከቨርን ፓክሰን ጋር አዘጋጁ። ለአዲሱ የአድራሻ ሥርዓት፣ ለአይፒ ስድስተኛ ቅጂ፣ የሶኬት ጥሪዎችን በሚደነግጉት ሰነዶችም ስማቸው ይገኛል። ያ ዓመት ግን ለእሳቸው የመጨረሻው ሆነ። መስከረም 1 ቀን 1999 በ48 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውና ሦስት ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀሩ። የኔትዎርክ ፕሮግራም መጽሐፋቸው ሦስተኛ ቅጽ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ሳይፈጸም ቀረ።

በ2000 ዩዝኒክስ የተባለው የሙያ ማኅበር የዕድሜ ልክ አስተዋፅኦ ሽልማቱን ከሞቱ በኋላ ሰጣቸው። የሙያ ባልደረቦቻቸውም ሥራቸው እንዳያረጅ ተከፋፍለው ያዙት። ቢል ፌነርና አንድሩ ሩዶፍ የሶኬቱን መጽሐፍ በ2003፣ ስቲቨን ራጎ የዩኒክሱን በ2005፣ ኬቨን ፎል ደግሞ የቲሲፒና አይፒን የመጀመሪያ ቅጽ በ2011 አድሰው አሳተሙ።

ለሙያው የተረፈው ትምህርት

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው በ1997 ነው፤ ስቲቨንስ ዋና ዋና መጻሕፍታቸውን ካወጡ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙያው ተስፋፍቷል። ዛሬ ብዙው ፕሮግራም ጸሐፊ ሶኬትን በቀጥታ አይነካም፤ ሌሎች ባዘጋጁለት መሣሪያ በኩል ይገናኛል። ከሥሩ ያለው ቲሲፒ ግን ያው ነው፤ በነሐሴ 2022 የታደሰው ደንብ እንኳ የመዝጋቱን ሥርዓትና መቆያውን እንደ ነበሩ አቆይቷቸዋል።

ስለዚህ በመልካ ጀብዱም ሆነ በሌላ ስፍራ ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ ከስቲቨንስ ሊወስደው የሚገባው የመጀመሪያ ነገር የምርመራ ልማዳቸው ነው። አገልግሎት ሲደክም ሰርቨሩን ከማጥፋት በፊት የግንኙነቶቹን ዝርዝር አውጥቶ ያሉበትን ሁኔታ ማንበብ ይገባል። ብዙዎቹ በታይም ዌይት ላይ ቢገኙ ደንቡ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ቁጥሩ ከበዛ መፍትሔው ግንኙነቱን ለብዙ ጥያቄ ማዋል ወይም ማን ቀድሞ እንደሚዘጋ አስቦ መወሰን ነው። ብዙዎቹ ክሎዝ ዌይት በተባለው ሁኔታ ላይ ቢገኙ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ሁኔታ ሌላው ወገን ፊኑን ልኮ መሰናበቱን፣ በዚህ በኩል ያለው ፕሮግራም ግን ገና አለመዝጋቱን ያመለክታል። ቁጥሩ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ የማይሄድ ከሆነም ጥፋቱ የኔትዎርኩም፣ የመሥመሩም፣ የቴሌም አይደለም፤ መዝጋት የረሳው በዚያው ሰርቨር ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ነውና መታረም ያለበት እሱ ነው።